የዛሬ እራት ሽሮ ነው

(ምስል፦ ወጥ ቤት። ምድጃው ላይ ባዶ ድስት። መስኮቱ ውጭ እየጨለመ ነው።)

እንደምን አመሻችሁ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። አሁን ከሥራ ገባችሁ፤ የታክሲው ሰልፍ አድክሟችኋል። ልጆቹ «ራበን» እያሉ ከኋላ ከኋላ ይከተላሉ። የተሠራ ወጥ የለም። ግን ሦስት ራስ ሽንኩርት አለ፣ ዘይት አለ። መደርደሪያው ላይ ደግሞ ያ ክዳኑ ጠበቅ ያለ ዕቃ አለ። ሽሮው።

ዛሬ ለአምስት ሰው የሚበቃ የሽሮ እራት እንሠራለን። 45 ደቂቃ ይበቃናል። እግረ መንገዴን እያንዳንዱን ነገር ለምን እንደምናደርገው እነግራችኋለሁ። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ሽሮው ቢቀጥንበትም ቢጓጉልበትም መላውን ራሱ ያገኘዋል።

እንግዳ ድንገት ሲመጣ «ይቅርታ፣ ሽሮ ብቻ ነው ያለው» ማለት ልማዳችን ነው። እናቴም ትለው ነበር። እኔ ይህን ይቅርታ አልወደውም። ሽሮ ማታ ቶሎ የሚደርስልን ከባዱ ሥራ ከወራት በፊት ስላለቀ ነው።

(ምስል፦ ሰሌን ላይ የተሰጣ ሽምብራ። ፀሐይ።)

ሽምብራ የሚዘራው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ጥቁር አፈር ውስጥ የቀረውን እርጥበት እየጠጣ በበጋ ይደርሳል። ከዚያ የቤት ሥራው ይጀመራል። ይለቀማል፣ ይታመሳል፣ ይከካል፣ ገለባው ይነፋል። ምጥን ሽሮ ከሆነ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙድ፣ በሶብላ ይገቡበታል። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ተወቅጠው ፀሐይ ላይ ይደርቃሉ። ከዚያ ወፍጮ ቤት። ምጥኑ ከቤት ቤት ይለያያል፤ አተር የሚያበዛ አለ፣ ባቄላ የሚጨምር አለ። እኛ ቤት ሽምብራ ይበዛል። ከማታውቁት ቦታ ስትገዙ ግን ጓያ እንዳለበት ጠይቁ። ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን ሽባ ሊያደርግ ይችላል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ማማሰያ ስናነሳ፣ እናት፣ አክስትና ጎረቤት በበጋ የጀመሩትን ሥራ ነው የምንጨርሰው።

መፈጨቱ ደግሞ ትልቅ ብልሃት አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው ውሃው 100 ዲግሪ ይደርስለታል። የእኛ ድስት የቱንም ያህል ቢንተከተክ ከ92 እምብዛም አያልፍም። ለዚህ ነው ደጋ ላይ ሙሉ ሽምብራ መቀቀል ረጅም ጊዜ የሚፈጀው። ዱቄቱን ግን ውሃ ወዲያው ያገኘዋል፤ ያቺ 92 ዲግሪ ትበቃዋለች። ከሰል በተወደደበት፣ መብራት በሚጠፋበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

(ምስል፦ ሽንኩርት ሲከተፍ በቅርበት።)

በሉ ወደ ሥራ። ሦስት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት አድቅቃችሁ ክተፉ። ድስቱን በመካከለኛ እሳት ጣዱና ሽንኩርቱን ብቻውን ጨምሩ። ዘይቱ ይቆይ። ከ100 ግራም ሽንኩርት 89 ግራም ያህሉ ውሃ ነው። ያ ውሃ እስኪያልቅ ድስቱ ከመፍላት አይዘልም፤ ሽንኩርቱ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም። አምስት ስድስት ደቂቃ እያማሰላችሁ ውሃውን ይጨርስ። ድስቱን ሊይዝ ሲል አንድ ማንኪያ ውሃ ጣል አድርጉበት።

አሁን ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ዘይት። ዘይት ከፈላ ውሃ በጣም አልፎ ይሞቃል። ሽንኩርቱ መቅላትና መጣፈጥ የሚጀምረው ያኔ ነው። አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ደቁሳችሁ ጨምሩ። ሽሮው ምጥን ከሆነ በርበሬው ውስጡ አለ። ካልሆነ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ እዚህ ላይ ይገባል፣ እሳቱ ቀነስ ብሎ። የበርበሬ ቀለምም ማቃጠሉም የሚሟሟው በዘይት ነው። በኋላ ውሃው ላይ ብትነሰንሱት ያን መልክና ያን ሽታ አይሰጣችሁም።

ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ነው። እባካችሁ አትቸኩሉ። ሽንኩርቱ ድስቱ ከተጣደ ጀምሮ 15 ደቂቃ ያግኝ። ቁሌቱ በደንብ ከበሰለ ሽንኩርቱ ይጠፋል፤ ስትጎርሱ ሽሮ ብቻ ነው የምታገኙት። ጎረቤት በመስኮት «ዛሬ ምን እየሠራችሁ ነው?» ብሎ የሚጠይቀውም በዚህ ሰዓት ነው።

(ምስል፦ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ ሲበጠበጥ።)

ሦስት ኩባያ ውሃ ቁሌቱ ላይ ጨምሩና ይፍላ። እሱ እስኪፈላ፣ አንድ ኩባያ ሽሮ ለብቻው በአንድ ኩባያ ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ።

ለምን ቀዝቃዛ? ብቻዬን መኖር የጀመርኩ ሰሞን ሽሮውን በሙሉ የሚፍለቀለቅ ውሃ ላይ ገለበጥኩት። በአፍታ ጓጎለ። አንዱን ጉግል በማንኪያ ስሰነጥቀው ውስጡ ደረቅ ዱቄት ነበር። ያን ቀን እራት ሳልበላ ነው የተኛሁት። በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች፣ ማለትም ወጡን የሚያወፍረው ክፍል፣ ትኩስ ውሃ ሲነካው ወዲያው ያብጥና ይጣበቃል። ዱቄቱ በአንዴ ሲገለበጥ ላዩ ይጣበቅና እንደ ቆዳ ይሸፍነዋል፤ ውሃ ወደ ውስጥ አያልፍም። በቀዝቃዛ ውሃ ሲበጠበጥ ግን እያንዳንዱ ቅንጣት አስቀድሞ ይርሳል። እጃቸው የለመደ እናቶች ደረቁን ዱቄት በአንድ እጅ እየነሰነሱ በሌላው ያማስላሉ፣ አንድም አይጓጉልባቸውም። እኔ እስካሁን እበጠብጣለሁ።

የተበጠበጠውን ቀስ እያላችሁ አፍስሱ፣ ማማሰያው አይቁም። እሳቱን ቀንሱና ክዳኑን ገርበብ አድርጉ። ሽሮ ሲንተከተክ ይፈናጠራል፣ ሲነካም ክፉኛ ያቃጥላል። ትናንሽ ልጆችን ከምድጃው አርቁ።

ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይብሰል። በየመሐሉ እስከ ሥሩ አማስሉት፣ ቶሎ ያራል። መድረሱን የሚነግሯችሁ ሁለት ምልክቶች አሉ። ጥሬ ጥሬ የሚለው ሽታ ይጠፋል። ዘይቱ ደግሞ በድስቱ ጠርዝ ወደ ላይ ብቅ ይላል። ሲወፍር የፈላ ውሃ ጠብ እያደረጉ ማላላት ነው። ጨው መጨረሻ ላይ፤ ወጡ እየተነነ ሲሄድ ጨዉ ስለሚጠነክር ቀድማችሁ አትመጥኑት።

የፍስክ ቀን ከሆነ አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ጣል አድርጋችሁ ድስቱን አውርዱ። ረቡዕና ዓርብ ወይም በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ለሚጾም ቤት ዘይቱ ይበቃል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቁሌቱ በደንብ ከተቁላላ የጾሙ ሽሮ ከቅቤው አያንስብኝም።

(ምስል፦ ሁለት ድስት ጎን ለጎን፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቢጫ።)

በርበሬ ለማይችሉ ልጆች ሁለት ጊዜ አትልፉ። ነጭ ሽሮ ካላችሁ ቁሌቱን በርበሬ ሳይገባበት ለሁለት ክፈሉት። የእነሱ ላይ ትንሽ እርድ ጨምሩና አልጫ ሽሮ ይሁን። ልጆቹ እንጀራ በሽሮ ብቻ በልተው መተኛታቸውም አያሳስባችሁ። ጤፍ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ሽምብራ ደግሞ ያ ሞልቶታል። ሽምብራ የሚጎድለውን ሜታዮኒን የሚባል ሌላ የፕሮቲን ክፍል በበኩሉ ጤፍ ይሞላለታል። እንጀራና ሽሮ አንድ ትሪ ላይ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ቀዳዳ ይደፍናል።

በውጭ አገር ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። ዋሽንግተንም ሆነ ጅዳ ወይም ቴል አቪቭ፣ ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ ሽሮ ስስት እንዳለው አውቃለሁ። ካለቀባችሁ የህንድ ሱቆች የሽምብራ ዱቄት ይሸጣሉ። እሱ ግን ብዙውን ጊዜ ሳይታመስ የተፈጨ ነው። በደረቅ መጥበሻ፣ በዝግተኛ እሳት፣ ሽታው እስኪለወጥ ድረስ እያገላበጣችሁ አምሱት። ከዚያ በርበሬና ኮረሪማ ቀላቅሉ። የእናታችሁን ሽሮ አያህልም፣ ግን የማክሰኞ ማታ እራት ይሆናል። ዝቅተኛ ቦታ ላይ ከሆናችሁ የሚፈላው ውሃ ከእኛ ይበልጥ ስለሚሞቅ ድስቱን ቶሎ ቶሎ እዩት።

(ምስል፦ ትሪ፣ እንጀራ፣ የሚንተከተክ የሸክላ ድስት።)

የሸክላ ድስት ያለው ሰው በሱ ያቅርብ። ሙቀት ስለሚይዝ ከእሳት ወርዶም ይንተከተካል። ከጎን ቃሪያ ስንግ ካለ ጥሩ፣ ከሌለም ጥቂት ቲማቲም በሎሚ። ሁሉም እጁን ታጥቦ ይቀመጥ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር። የመጀመሪያዋን ጉርሻ ሠርቶ ለደከመው ሰው አጉርሱ፤ ሁለተኛዋ የትንሹ ልጅ ናት።

ድስቱ ሥር ሁለት ጭልፋ ያህል አስቀሩ። ሲያድር ይጠጥራል፣ አትደንግጡ። ጠዋት ግማሽ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ጨምራችሁ ስታሞቁት ይላላል። የትናንቱን እንጀራ ቆራርሳችሁ ፈትፍቱበትና በምሳ ዕቃ አድርጉላቸው።