ከዓይን እንጂ ከአየር አትደብቁት፦ የአኳሪየም ባላስት የት ይቀመጥ?

[ምስል፦ ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ያለ ካፌ። ጥግ ላይ የቆመ አኳሪየም፣ ብርቱካናማ ዓሦች።]

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ? እስቲ ይቺን አኳሪየም እዩልኝ። ውሃው ጥርት ያለ ነው። ዓሦቹ ጠግበዋል። መብራቱም ያምራል። አሁን ካሜራውን ወደ ታች እናውርደው።

[ምስል፦ ከማስቀመጫው ኋላ፣ ወለል ላይ፣ በዳንቴል የተሸፈነ ነገር።]

ዳንቴሉ ሲገለጥ ባላስቱ፣ የመብራቱን ከረንት የሚገድበው ዕቃ፣ ወለሉ ላይ ተጋድሞ ይታያል። ገመዱ ተቀጥሏል፤ ቅጥሉ በናስትሮ ተጠቅልሏል። የካፌው ባለቤት "ምነው ልጄ፣ ዳንቴሉ ምን አጠፋ?" አሉኝ። "አብሽሩ እትዬ፣ እሱን ቴሌቪዥኑ ላይ እንመልሰዋለን" አልኳቸው።

መደበቃቸው አይፈረድም። ባላስት አያምርም። እንግዳ በሚቀመጥበት ቤት ብረትና ገመድ ተዘርግቶ ማየት የሚወድ የለም። ችግሩ ሰው ባላስት ሲደብቅ ሁለት ነገር አብሮ ይረሳል፤ ሙቀትንና ውሃን።

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ባላስቶች፤ አንዱ ከባድ ብረት፣ አንዱ ቀላልና ቀጭን ሳጥን።]

መጀመሪያ ሥራውን እንወቅ። ፍሎረሰንት አምፖል ውስጥ ያለው ጋዝና ጥቂት ሜርኩሪ ነው። አንዴ ከበራ በኋላ ከረንቱን የሚገድበው ነገር ከሌለ ከረንቱ እየጨመረ ሄዶ አምፖሉን ያበላሸዋል። የባላስት ሥራ ያንን መገደብ ነው። ሲገድብ ደግሞ ይሞቃል። ይሄ ብልሽት አይደለም፤ ጠባዩ ነው።

በግራ ያለው የድሮው ዓይነት ነው። ብረት ላይ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ። ይከብዳል፣ ስታርተር ይፈልጋል፣ ያጉረመርማል። በቀኝ ያለው ኤሌክትሮኒክ ነው። ቀላል ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ብዙም አይግልም። ግን ስስ ነው። እዚህ አገር መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ያን ድንገተኛ ኃይል የብረቱ ከኤሌክትሮኒኩ በተሻለ ይችለዋል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ኤሌክትሮኒክ ያላችሁ ሶኬቱን ነቅላችሁ ጠብቁ። ከመጣ በኋላ ትንሽ ቆይታችሁ ሰኩ።

[ምስል፦ የባላስቱ ጽሑፍ ከቅርብ።]

ባላስቱ ላይ የተጻፈውን የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው። የብረቱ ላይ ብዙ ጊዜ "ቲ ደብሊው 130" የሚል አለ። የውስጡ ሽቦ ዕድሜውን ጠብቆ እንዲሠራ ከዚያ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፍ የለበትም ማለት ነው። ኤሌክትሮኒኩ ላይ ደግሞ "ቲ ሲ" ተብሎ ትንሽ ነጥብ ይደረግበታል። እዚያች ነጥብ ላይ ያለው የሽፋኑ ሙቀት ከተጻፈው መብለጥ የለበትም። ኤሌክትሮኒኩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትናንሽ ዕቃዎች፣ ሙቀት አይወዱም። በደፈናው በ10 ዲግሪ ሲጨምርባቸው ዕድሜያቸው በግማሽ ይቀንሳል ይባላል። እና ይሄን ዕቃ በጨርቅ መሸፈን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

እዚህ ላይ ደሴን ለይቼ ልናገር። ከተማችን ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። "ደሴ ብርድ ነው፣ ባላስት ምን ይሆናል?" የሚል ሰው ግማሹን ብቻ ነው ያሰበው። ብርዱ ያግዛል፤ የታፈነ ሳጥን ውስጥ ግን ብርዱ አይገባም። ኮምቦልቻ ያላችሁ ቆላ ቀመስ ስለሆናችሁ ነገሩን ይበልጥ ታውቁታላችሁ።

ብርዱ ሌላም ጣጣ አለው። ክረምት ላይ ከጦሳ ጉም ሲወርድ ቤቱ ይቀዘቅዛል። አኳሪየሙ ግን በማሞቂያ 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሞቀው ውሃ ይተናል፣ እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ብረት ሲያገኝ ጠብ ይላል። ሌሊት መብራቱ ጠፍቶ የቀዘቀዘው ባላስት አንዱ እንደዚያ ያለ ብረት ነው። ከመስታወቱ በላይ ክዳኑ ውስጥ ባላስት አታስቀምጡ የምለው ለዚህ ነው። ቦታው ምቹ ይመስላል፤ አምፖሉም ቅርብ ነው። ነገር ግን ሌት ተቀን እንፋሎት ይጠጣል። ለዚያ ቦታ ተብሎ የተሠራ፣ ውሃ የማያስገባ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

[ምስል፦ የማስቀመጫው ንድፍ። ሦስት ቦታዎች በቀይ፣ አንዱ በአረንጓዴ።]

ወለልም አይሆንም። ካፌ ወለሉ በየቀኑ በሳሙና ይታጠባል። ቤትም ቢሆን ውሃ ስትቀይሩ ባልዲው ይፈስሳል። ልክ ከአኳሪየሙ ሥር መሆንም አይሆንም፤ ማጣሪያው ቢያፈስ የመጀመሪያው ጠብታ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው።

የምወደው ቦታ ይሄ ነው፦ ከማስቀመጫው ቁም ሣጥን ውስጥ ለብቻው የተከፈለ ጎን። በጣውላ ከማጣሪያውና ከቱቦው ይለያል። ባላስቱ ወለሉ ላይ አይተኛም፤ የጎን ግድግዳው ላይ ወደ ላይኛው ክፍል ተጠግቶ በብሎን ይታሰራል። ቁም ሣጥን ከሌላችሁ አጠገቡ ያለ ግድግዳ ላይ፣ ከውሃው ከፍታ በላይ፣ ትንሽ ሳጥን ስቀሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኤሌክትሮኒክ ባላስትን እንደፈለጋችሁ አታርቁት። ከባላስት ወደ አምፖል የሚሄደውን ገመድ ርዝመት አምራቹ ይወስነዋል። የብረቱ በዚህ በኩል ይቅር ባይ ነው።

[ምስል፦ ላሜራ ሳጥን፣ ትራፓኖ፣ የሽቦ ወንፊት።]

ሳጥኑን ከላሜራ አሠሩት። ቺፑድ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሙቀትም አይወስድም፣ እሳት ቢነሳም ይቀጣጠላል። ባላስቱን ላሜራው ላይ አጥብቃችሁ እሰሩት። ብረቱ በሙሉ ሙቀቱን ተካፍሎ ወደ ውጭ ያወጣዋል።

ቀዳዳ ሁለት ቦታ ይፈለጋል፤ ከጎን ታችና ከጎን ላይ። የሞቀ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ከታች ይተካዋል። የላይኛውን ብቻ ብትበሱ አየሩ አይዘዋወርም። ጣሪያውን ግን አትብሱት፤ ጠብታ ይገባል። ክዳኑ ከጎኖቹ ትንሽ ወጣ ቢል ደግሞ የበለጠ ነው። ቀዳዳዎቹን በሽቦ ወንፊት ከውስጥ ሸፍኑ። ቀልድ አይደለም፤ አይጥና በረሮ ሞቃት ቦታ ይወዳሉ፣ አይጥ ደግሞ የገመድ ፕላስቲክ ትቀረጥፋለች።

የብረት ባላስት ከእንጨት ጋር በቀጥታ ሲታሰር ድምፁ ይጨምራል። መብራታችን በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ባላስቱ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ባዶ ቁም ሣጥን ደግሞ እንደ ማሲንቆ ቆዳ ያንን ያጎላዋል። ልዩነቱ ባቲም አምባሰልም አይወጣውም። መፍትሔው ባላስቱን ከላሜራው ጋር ማጥበቅ፣ ላሜራ ሳጥኑን ደግሞ ከእንጨቱ በጎማ መለየት ነው። ጎማውን ባላስቱና ላሜራው መካከል ካስገባችሁት ሙቀቱን ትይዙታላችሁ።

[ምስል፦ ገመድ ከሳጥኑ ሥር ሲገባ፤ ወደ ታች ረግቦ ተመልሶ ሲወጣ።]

አሁን ዋናው፣ ገመዱ። 220 ቮልት ነው፤ አጠገቡ ውሃ አለ፤ እጃችንም እርጥብ ነው።

ማንኛውም ገመድ ሳጥኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ከመግቢያው ዝቅ ብሎ ይርገብ። ውሃ ገመዱን ተከትሎ ቢወርድ ከረገበው ቦታ ይንጠባጠባል እንጂ ወጥቶ ሳጥን አይገባም። ለሶኬቱም እንደዚሁ። በነፃ የሚሠራ ጥንቃቄ ነው፤ የሚያደርገው ሰው ግን አይቼ አላውቅም ማለት ይቻላል። ማከፋፈያውንም ወለል ላይ አትጣሉት። ግድግዳ ላይ ስቀሉት።

የላሜራ ሳጥኑ ኤርዝ ይደረግ፣ ማለትም በሽቦ ከመሬት ጋር ይያያዝ። ቤቱ ኤርዝ ከሌለው መጀመሪያ እሱን በኤሌክትሪክ ባለሙያ አስገቡ። ለዚህ መስመር 30 ሚሊአምፔር የሆነ፣ ከረንት ሲያፈስ የሚቆርጥ ብሬከር ይደረግለት። ተራው ብሬከር ገመዱን ከመቃጠል ነው የሚያድነው፤ ሰውን ከመያዝ አያድንም። በናስትሮ የተጠቀለለውን ቅጥል አውጡና ሳጥኑ ውስጥ በብሎን በሚጠብቅ የገመድ ማያያዣ ቀይሩት። ስትነኩ ደግሞ ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም። ሶኬቱን ንቀሉ።

ድሮ ሆቴል የነበረ አሮጌ ባላስት ከገዛችሁ አንድ ነገር እዩ። ጥቁር ሬንጅ የመሰለ ወይም ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ በባዶ እጅ አትንኩት፣ አትጠቀሙበትም። እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ አንዳንዶቹ ውስጥ ፒሲቢ የሚባል መርዛማ ዘይት ነበር።

[ምስል፦ ኤልኢዲ መብራትና ትንሽ ድራይቨር።]

"ኤልኢዲ ብገዛ አልገላገልም?" ትሉኝ ይሆናል። በከፊል። አውሮፓ ኅብረት የተለመዱትን የፍሎረሰንት አምፖሎች በነሐሴ 2023፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ከገበያ ስላስወጣ ወደፊት አምፖሉን ማግኘት እየከበደ ይሄዳል። እኔም አዲስ ለሚጀምር ኤልኢዲ ነው የምመክረው። ግን ኤልኢዲም ድራይቨር፣ እንደ ባላስት ከረንቱን የሚመጥንለት ዕቃ፣ አለው፤ ድራይቨርም ይሞቃል። "አይፒ 67" የሚል ተጽፎበት ውሃ ባያስገባ እንኳ አየር ይፈልጋል። ሳጥኑ ለእሱም ያገለግላል።

ሠርታችሁ ስትጨርሱ ክዳኑን ዝጉና መብራቱን እንደወትሮው ለሦስትና አራት ሰዓት አብሩት። ሙቀት መለኪያ ሽቦ ያለው ቴስተር ካላችሁ ሽቦውን ቀድማችሁ ቲ ሲ ነጥቡ ላይ ለጥፉት፣ የብረቱ ከሆነ ደግሞ ሽፋኑ ላይ። ከሌላችሁ ሶኬቱን ነቅላችሁ የሳጥኑን ውጭ በእጃችሁ ጀርባ ንኩ። ሞቅ ቢል ደንበኛ ነው። እጅ የማያስቆይ ከሆነ ቀዳዳ ጨምሩ። ክዳኑን በሲሊኮን አትለጥፉት። በእጅ የሚፈታ ብሎን አድርጉለት፤ አቧራው በየጊዜው በደረቅ ብሩሽ መራገፍ አለበት፣ በተለይ ካፌያችሁ አስፋልት ዳር ከሆነ።