ጸሎቱን እኛም ቤታችን እናደርሳለን

እንደምን አመሻችሁ። አባቶቼ ቀሳውስትና ሼኾች፣ እናቶቼ፣ ከመጋላም ከከዚራም ከሳቢያንም የመጣችሁ የድሬ ልጆች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን፤ አሰላሙ ዓለይኩም።

ምሽቱ የሳቅ ነው፤ ብዙ አላቆማችሁም። አዘጋጆቹ «መምህርት፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ ፖለቲካ ቀልድ አንድ ነገር በይን» ሲሉኝ እሺ ያልኩት፣ 20 ዓመት ገደማ ሆዴ ውስጥ የተቀመጠ ነገር ስላለኝ ነው።

ያኔ አማርኛ አስተምር ነበር። የትምህርት ቤቱን ሚኒ ሚዲያና የድራማ ክበብም የያዝኩት እኔ ነበርኩ። በዚያ ዓመት ውኃ ጠፍቶ ሰዉ ቢጫ ጀሪካኑን ደርድሮ ነበር ሌሊቱን የሚያነጋው። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ አጭር ድራማ ጻፈ። አንድ የቀበሌ ሹም ነዋሪውን ስለ ውኃ ሊያወያይ ይሰበስባል። «ከሁሉ በፊት ጸሎት» ይላል፤ ነጠላውን አስተካክሎ ያስጸልያል። «ወንድሞቻችን ደግሞ ቅር እንዳይላቸው» ይልና ሁለት እጁን ዘርግቶ ዱዓ ያስደርጋል። አንዱ ነዋሪ «ስለ ውኃው...» ብሎ አፉን ሲከፍት፣ «ፈጣሪን ሳናመሰግን?» ብሎ ሌላ ጸሎት ይጀምራል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰዓቱ ያልቃል። መጨረሻ ላይ አንዲት እናት ባዶ ጀሪካናቸውን እንዳቀፉ ብድግ ይላሉ፦

«ልጄ፣ ጸሎቱን እኛም ቤታችን እናደርሳለን። አንተ ቧንቧውን ክፈትልን።»

እናትየዋን ሆኖ የተጫወተው ደራሲው ራሱ ነበር፤ የእናቱን ድሪያ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከፊት የተቀመጡ ወላጆች እንባቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ።

በማግስቱ ተጠራን። «ሃይማኖት ተሰድቧል» ተብሎ። ልብ በሉልኝ፤ የከሰሰን የሃይማኖት አባት አልነበረም፤ አንድ የመንግሥት ሹም ነበር። ምስክር እንዲሆኑለት ከሰፈሩ አንድ ሼኽና አንድ ቄስ አስጠርቷል። ሼኹ ሁሉንም አዳምጠው ወደ ልጁ ዞሩና «እስቲ ልጄ፣ እዚሁ ሥራው» አሉት። ልጁ በዚያች ጠባብ ቢሮ ውስጥ፣ ጀሪካኑን አቅፎ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሠራው። የሳቀ የለም። ሼኹ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ዱዓ የተሰደበው የቱ ጋ ነው? እኔ አልሰማሁም። መስጊዳችን ለውዱእ የሚሆን ውኃ በጀሪካን መግዛት ከጀመረ ሁለት ሳምንት አልፎታል» አሉ። ቄሱም «እኛም ውኃ ከምዕመናን ቤት እያስመጣን ነው የምንቀድሰው። ልጁ የተናገረው የእኛን ነው» አሉ።

ክሱ እዚያው ቀረ። የእኔ ጥፋት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለወላጆች በዓል ድራማው በድጋሚ ሊቀርብ ሲል፣ ፈራሁና ልጁን «ጸሎቱንና ዱዓውን አውጣው፤ ስለ ውኃው ብቻ ይሁን» አልኩት። አወጣው። ድራማው ሞተ። አንድ ሰው ውኃ ጠፋ ብሎ ሲያማርር ማን ይስቃል? ልጁ ሲጨርስ ጀሪካኑን አምጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠው። ወደ ክበቡም አልተመለሰም።

ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ ቆይቶ ነው። ያ ልጅ በጸሎት አልቀለደም። ከጸሎት ጀርባ በተደበቀው ሰው ላይ ነው የቀለደው። እኔ ጸሎቱን ሳስወጣ ያዳንኩት ሃይማኖትን መስሎኝ ነበር፤ ያዳንኩት ግን የተደበቀውን ሰው ነው።

ሹም ላይ መቀለድ ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። ድሮ መኳንንቱ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ የነበረው፣ ሹም ፊት ማንም የማይናገረውን እረኛ በዘፈኑ ስለሚያወጣው ነው። አለቃ ገብረ ሐናን ተመልከቱ። በቀልዳቸው ቤተ መንግሥቱን ሳይቀር የሚወጉት ሰው የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ። በልጃቸው ስም የተክሌ አቋቋም የሚባለው፣ መቋሚያ ይዘው እየተወዛወዙ የሚዘምሩት ዝማሜ ከእሳቸው የመጣ ነው፤ ዛሬም በየደብሩ ይዘመምበታል። ያ ምላስና ያ ዝማሜ የአንድ ሰው ናቸው። በወሎም ሼኽ ሁሴን ጅብሪል በግጥማቸው ስለ ነገሥታቱ የተናገሩት እስከ ዛሬ በሰው አፍ አለ። ስለዚህ «ሃይማኖተኛ ሰው በፖለቲካ አይቀልድም» የሚለኝን ሰው አልሰማውም።

ስለ ሕጉም ትንሽ ልበል፤ በውድ ዋጋ የተገኘ ነውና። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ የመንግሥት ሃይማኖት ነበረች። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ ይዘው አደባባይ ሲወጡ፣ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰልፈዋል። የእስልምና በዓላት የአገር በዓል ሆነው የታወጁት ከዚያ በኋላ፣ አብዮቱ ሲመጣ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው አለ፤ አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ አይገባም አለ። ሹሙ ስብሰባውን በጸሎት ሲከፍት የሚያሳስበኝ መጸለዩ አይደለም። ሲጸልይ ሊጠየቅ የማይችል ሰው መምሰሉ ነው የሚያሳስበኝ። እሱን ስትጠይቁ ፈጣሪን የጠየቃችሁ ያህል ይሰማችኋል፤ ዝም ትላላችሁ።

«እንግዲያው ሃይማኖት ቤቱ ይቀመጥ» የሚሉም አሉ። ከእነሱም ጋር አልስማማም። ሐምሌ 1998 ሊያልቅ ሲል የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድብን፣ አሸዋውን በእጃችን እየዛቅን ስንፈልግ የነበርን ሁሉ በየአፋችን ፈጣሪን እየጠራን ነበር፤ አንዱ «ያ አላህ» ሌላው «ጌታ ሆይ» እያለ። የማን ሬሳ ነው ያለ አልነበረም። ዛሬም ሰው ሲሞትብን ቀድመው የሚደርሱት እድሩና እንደ እድር የሚረዳዳው አፎቻው ናቸው። ሰርግ ስንደግስ ለሙስሊም ጎረቤት ለብቻው ይታረዳል፣ በሙስሊም እጅ፣ ድስቱም ለብቻው ነው። ይህን ማንም በአዋጅ አላዘዘንም። ሃይማኖት በአደባባይ ቦታ አለው ስል ይህን ማለቴ ነው።

አሁን ለእናንተ ለወጣቶቹ ልመለስ፤ ለእናንተም የምለው አለኝ። ባለፈው ልምምዳችሁን ሳይ አንዱ ትዕይንት ላይ ሹሙን የሚያስቅ ያደረጋችሁት ቆብ በማልበስና አነጋገሩን በማጣመም ብቻ ነበር። ሹሙ ምን አጠፋ? ምንም አልነገራችሁንም። እንዲያ ያለው ቀልድ ሹሙን አልፎ ቆቡን የሚለብሰውን ሽማግሌ ጎረቤታችሁን ይወጋል። መስቀል አንጠልጥላችሁም ብትሠሩት ያው ነው። ሰውየው በሠራው ሥራ ሳቁበት፤ የሚያምንበትን ተዉለት።

ደግሞ እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንተዋወቃለን። ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን በክፋት እንዳልተናገረ እናውቃለን። ስልካችሁ ግን 15 ሴኮንድ ቆርጦ ቲክቶክ ላይ ሲጥለው፣ ጀሪካኑ ይቀርና ዱዓው ብቻውን ይሄዳል። የሚያየው ሰው ውኃ መጥፋቱን አያውቅም። በ2011 ዓ.ም የጥምቀት ሰሞን በዚህች ከተማ ድንጋይ ተወራውሯል። አብረን ያደግን ሰዎች በር ዘግተን ሰንብተናል። ያን ሳምንት የሚያስታውስ ሰው፣ የሚለጥፈውን ነገር ሙሉውን ይለጥፋል፤ ካልቻለ ይተወዋል።

አባቶቼ፣ እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ሹም መጥቶ ማይካችሁን ሲይዝ፣ በእናንተ ክብር የራሱን ጉድለት ሲሸፍን፣ እንደነዚያ ሁለት አባቶች «እኔ ጋም ውኃ የለም» በሉልን። አንድ ልጅ «ሃይማኖት ሰደብክ» ተብሎ ሲጠራ፣ ቀድማችሁ «እስቲ ልጄ፣ ሥራው» በሉት።

ያንን ጀሪካን አልጣልኩትም። ጓዳዬ ውስጥ ነበር፤ እጀታው ላይ ልጁ የጠቀለለበት ጨርቅ አሁንም አለ። ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ፤ ከመጋረጃው ጀርባ አስቀምጬዋለሁ። ጽሑፉም አብሮት ነው፤ ያስወጣሁትን በእጄ ጽፌ መልሼበታለሁ። ልጆቼ፣ ከቻላችሁ ዛሬ ማታ፣ ካልተመቻችሁም በሌላ ቀን፣ ጸሎቱንም ዱዓውንም ሳትዘሉ ሥሩልኝ። እኔ እዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጫለሁ።