አዲሱ መኪና ሲገባ ወስፌውን አትጣሉ

እንደምን አረፈዳችሁ? ቅዳሜ ጠዋት ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከመርካቶ የጫማ ሰፈር ድረስ የመጣችሁ ወንድሞቼ አላችሁ። አባቶች፣ እህቶቼ፣ ዘንድሮ ሙያውን የጀመራችሁ ልጆች፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ።

ይሄ ከኋላዬ ያለው አዲሱ የቆዳ ስፌት መኪናችን ነው። ሁለት ዓመት ቆጥበን ገዛነው። ትናንት አራት ሰው ተሸክሞ አስገባው። ልትቀመጡበት እንደቸኮላችሁ ከፊታችሁ አያለሁ። እኔም እንደዚሁ ቸኩዬ ነበር። ከመቀመጣችሁ በፊት ግን ጥቂት ደቂቃ ስጡኝ።

አባቴ ኮርቻ ሰፊ ነበር። በወስፌ ይበሳል፣ ክሩን ሰም ይቀባል፣ ከግራና ከቀኝ በሁለት መርፌ ይስባል። ጠዋት የጀመረው መስመር ማታም አያልቅም። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት «የፋቂ ልጅ» ይሉኝ ነበር። አጼ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው። እኔ የተሰደብኩት ከዚያ ስንትና ስንት ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ልጆች ወደውና መርጠው ለዚህ ሙያ ሲሰለፉ ሳይ ደስታዬን መደበቅ አልችልም። ይቅርታ፣ ወደ መኪናው ልመለስ።

የአባቴን ስፌት ያነሳሁት በምክንያት ነው። በእጅ ሲሰፋ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለቱም ክሮች ከዳር እስከ ዳር ያልፋሉ። አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። መኪናው እንዲህ አይሰፋም። የላይኛው ክር ላይ ይቀራል፣ የታችኛው ታች ይቀራል። የሚገናኙት ቆዳው መሃል ላይ ተቆላልፈው ብቻ ነው። ለዚህ ነው የቦርሳ እጀታ የሚያያዝበትን ቦታ እስከ ዛሬ በእጄ የምሰፋው። ሸክሙ ሁሉ እዚያ ነው የሚያርፈው። መኪናው መጣ ብላችሁ ወስፌያችሁን እንዳትጥሉ።

ታዲያ መኪናው ምን ይጠቅመናል? ቤት ውስጥ ያለው ሲንጀር ጨርቁን የሚጎትተው ከስር ባለው ጥርስ ብቻ ነው። ቆዳ ሲሆን ከላይ መርገጫው ይይዘዋል። የታችኛው ንጣፍ ይሄዳል፣ የላይኛው ይቀራል። መጨረሻ ላይ ስትደርሱ ሁለቱ ጫፎች አይገጥሙም። በዚህኛው ግን መርፌው ቆዳው ውስጥ እንዳለ ከጥርሱ ጋር አብሮ ይራመዳል። የመርገጫው የውስጠኛው እግርም አብሯቸው ይሄዳል። እነሱ ሲመለሱ የውጪው እግር ቆዳውን ይዞ ይጠብቃል። ልክ እንደ ሰው እየተቀያየሩ ይራመዳሉ። በማስቲሽ ያጣበቃችሁት ሦስትና አራት ንጣፍ ሳይንሸራተት ያልፋል።

አሁን የራሴን ታሪክ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት በሌላ ወርክሾፕ ተቀጥሬ ክላች ሞተር ባለው መኪና ላይ ተቀመጥኩ። ያ ሞተር ሰፋችሁም አልሰፋችሁም ይዞራል። ፔዳሉን ነካ ሳደርገው መኪናው ነጎደ። ተሠርቶ ሊያልቅ የደረሰ የሴት ቦርሳ ነበር። ስፌቱ ከመስመር ወጥቶ ፊቱ ላይ ሄደ። ክሩን ፈታሁት፣ ቀዳዳዎቹ ግን ቀሩ። ጨርቅ ቢሆን አሸት አሸት ሲያደርጉት ይደፈናል። ቆዳ ላይ የተበሳ ቀዳዳ አይዘጋም። የቆዳው ዋጋ ከደሞዜ ተቆረጠ። ያን ቀን አልቅሻለሁ። መኪና ላይ እንድቀመጥ ከመፍቀዳቸው በፊት አንድም ሰው አንድ ሳምንት በቁርጥራጭ እንድለማመድ አላደረገኝም። እዚህ ቤት ይሄ በማንም ላይ እንዳይደርስ እፈልጋለሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ክር የለም። ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ መስመር ታሰምራላችሁ። ቀጥታ፣ ክብ፣ ማዕዘን። ባዶ መርፌ መስመሩን ተከትሎ ይብሳ። የእኛው ሞተር ሰርቮ ነው፤ ፔዳሉን ካልረገጣችሁት አይዞርም። ፍጥነቱን መጨረሻው ዝቅታ ላይ አድርጌዋለሁ፣ አትንኩት። ማዕዘን ስትደርሱ እግራችሁን አንሱ። ቀኝ እጃችሁን መዘውሩ ላይ አድርጋችሁ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ርምጃዎች በእጅ አዙሩ። መርፌው ቆዳው ውስጥ እንዳለ መርገጫውን አንስታችሁ ቆዳውን አዙሩ። መብራት ሲጠፋም ስፌቱን በዚያው መዘውር ትጨርሱታላችሁ፣ አትደናገጡ።

በሁለተኛው ሳምንት ክር ይገባል። አሁን የተሰካው መርፌ 22 ቁጥር ነው። ማሸጊያው ላይ 140 የሚል ታያላችሁ፤ 1.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ማለት ነው። አብሮት የሚሄደው 138 የሚባለው የናይለን ክር ነው። መርፌው ለክሩ ከቀጠነ ክሩ እየተፋተገ ይተለተላል። ከወፈረ ደግሞ ቀዳዳው ክፍት ይቀራል። የቆዳ መርፌ ጫፉ እንደ ትንሽ ቢላ ስለት አለው። እየቆረጠ ነው የሚገባው። ስለዚህ ርምጃውን፣ ማለት ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ያለውን ርቀት፣ አታቀራርቡት። ከተቀራረበ ቆዳው እንደ ቴምብር ጠርዝ ይቀደዳል። ለቀበቶ እኔ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የማደርገው።

መርፌውን ስትሰኩ ጎኑ ላይ ያለው ረጅሙ ቦይ ወደ ግራ ይሁን። ይቺን አንድ ነገር ባለማወቄ ሦስት ቀን ጠፍቶብኛል። መኪናው ርምጃ እየዘለለ ይሰፋ ነበር። ክሩን ከስር የሚይዘው መንጠቆ ተበላሽቷል ብዬ በካቻቢቴ ልፈታው ስል ነው አንድ ሽማግሌ «መጀመሪያ መርፌሽን አዙሪው» ያሉኝ። ለካ መርፌው ነበር የተገለበጠው። መኪናው ሲያስቸግራችሁ ብሎን ከመንካታችሁ በፊት መርፌውን አዲስ ቀይሩ፣ ክሩንም ከጥቅሉ ጀምራችሁ እንደገና ስኩ። አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ያልቃል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው በክር አጠባበቅ ነው። ከላይ ቀይ ክር፣ ከታች ቦቢኑ ላይ ጥቁር ክር አድርጋችሁ ተለማመዱ። ጥቁሩ ላይ በኩል ነጠብጣብ ሆኖ ከታያችሁ የላይኛው በጣም ጠብቋል ወይም የታችኛው ላልቷል። ቀዩ ታች ከታየ ተቃራኒው ነው። ቋጠሮው ቆዳው መሃል ሲደበቅ ነው ትክክል የሚሆነው። መደበቂያ እንዲኖረው ግን ቆዳው ውፍረት ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ ስለ በግ ቆዳችን አንድ ነገር ልበል። የእኛ የደጋ በግ ቆዳ ስስና ለስላሳ ሆኖ ጠንካራ ነው። ለጓንትና ለጃኬት በውጭም የሚፈለገው ለዚህ ነው። ነገር ግን 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በ138 ክር ብትሰፉት ቋጠሮው የሚደበቅበት ቦታ ያጣል። ያን ጊዜ ብሎን እያጠበቃችሁ አትድከሙ። ቀጠን ያለውን 69 ክርና 18 ቁጥር መርፌ አድርጉ። ጥርስ ያለው መርገጫም ቆዳው ላይ አሻራ ይተዋል። ለስላሳውን እግር ግጠሙ። ለጃኬት ከሆነ ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይሄ መኪና አይደለም ሥራው። ያኛው ትንሹ መኪና ይሻለዋል።

ሌላው አጭር ነው። ስትጀምሩ ሁለቱን የክር ጫፎች በጣታችሁ ያዙ፤ ካልያዛችሁ ከስር ተጠቅልሎ ቋጠሮ ይሆናል። ክር ስትሰኩ ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፉ። መርፌው ጣት ከቆዳ አይለይም። ዘይቱ የስፌት መኪና ዘይት ብቻ ይሁን። ዘይት ባጠጣችሁ ቁጥር መጀመሪያ ቁርጥራጭ ላይ ስፉ፤ ቆዳ ላይ የፈሰሰ ዘይት አይለቅም። ሶኬት ከመሰካታችሁ በፊት ሞተሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ከአሜሪካ ዘመድ የላከልን ባለ 110 ቮልት ሞተር 220 ላይ ተሰክቶ በአንድ ደቂቃ ጭስ ሆኗል። ሽታው ትዝ የሚላችሁ አላችሁ።

በዚህ ወር ከዚህ መኪና የሚሸጥ ዕቃ አልጠብቅም። ደንበኞቻችንንም ነግሬያቸዋለሁ። ከጠረጴዛው ስር ሁለት ጆንያ ቁርጥራጭ አለ። እሱ ሲያልቅ ስለ ትዕዛዝ እናወራለን። ዕቃ ያበላሸ ሰው ካለ አይደብቅ። አምጥቶ ያሳየን፣ አብረን እናየዋለን። ከማንም ደሞዝ አይቆረጥም።

መጀመሪያ የሚቀመጡት ጋሼ ናቸው። ግማሻችንን ወስፌ ያስያዙን እሳቸው ናቸው። ጋሼ፣ ይምጡ። ወንበሩን ዝቅ አድርጌልዎታለሁ። ክር አልተሰካም፣ ካርቶኑ እዚህ አለ። ልጆች፣ ትንሽ ጠጋ በሉና እጃቸውን እዩ።