የጋሼ ክራር ሳምፕለር ውስጥ ሲገባ (የፖድካስት ውይይት)

ናቲ፦ እሺ ጀምረናል፣ መብራት ሳይሄድብን እንፍጠን። ቤዚ ዛሬ ላፕቶፗንም ኪቦርዷንም ተሸክማ ነው የመጣችው። ያ ባለፈው ስትነጫነጪበት የነበረው ጉዳይ ነው አይደል?

ቤዛ፦ አልተነጫነጭኩም፣ ተናደድኩ እንጂ! ምን መሰለህ፣ አጎቴ ጋሼ ቤት ሄጄ ክራራቸውን ቀዳሁ፣ አንድ ክር ብቻ፣ ቆንጆ አድርገው መቱልኝ፣ ቤት መጥቼ ኤብልተን በሚባለው የሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌር ውስጥ ሲምፕለር ላይ፣ ማለትም የተቀዳ ድምፅ በኪቦርድ የሚያጫውተው ሳምፕለር ላይ፣ ጣልኩትና ያንኑ አንድ ድምፅ ኪቦርዱ ላይ ሙሉ ዘረጋሁት፣ ከዛ ትዝታ ልጫወትበት ስል ምኑም ክራር አይመስልም።

ናቲ፦ አስሚን እስኪ።

[ቤዛ ትጫወታለች]

ናቲ፦ ኧረ ይሄ የድሮ ኖኪያ ጥሪ ነው!

ቤዛ፦ ሳቅ አንተ። የመጀመሪያው ጥፋት መዘርጋቱ ራሱ ነው። ሳምፕለር ኖቱን ከፍ ሲያደርገው ቀረጻውን አፍጥኖ ነው የሚያጫውተው፣ 12 ሴሚቶን ማለትም አንድ ኦክታቭ ከፍ ስትል ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል፣ 2 ሰከንድ የነበረው ድምፅ በ1 ሰከንድ ያልቃል፣ የጥፍሩ ጭረት ሳይቀር አብሮ ይቀጥናል። ስለዚህ ተመልሼ ሄጄ ስድስቱንም ክር ቀዳሁ፣ ሁሉንም ደግሞ ጠንከር አድርገው እንዲመቱልኝ ለመንኳቸው። "ክራር ይደረደራል እንጂ አይደበደብም" ብለው ተቆጡኝ።

ናቲ፦ እውነታቸውን እኮ ነው። ለምን ጠንካራ?

ቤዛ፦ ፊልተር ቀናሽ ስለሆነ። ሎው ፓስ ፊልተር ካትኦፍ ከምንለው ቦታ በላይ ያለውን እየቆረጠ በታች ያለውን ያሳልፋል። ጠንክሮ የተመታ ክር ላይ ላይ ብዙ ሃርሞኒክ፣ ማለትም ከዋናው ድምፅ በላይ አብረው የሚሰሙ ቀጫጭን ድምፆች፣ አለው፣ ደማቅ ነው፣ እሱን ቆርጠህ ለስላሳ ማድረግ ትችላለህ። ለስላሳ የተቀዳውን ግን ፊልተሩን ብትከፍተው ብትከፍተው አይደምቅልህም፣ የሌለውን ከየት ያመጣል?

ናቲ፦ ሬዞናንስስ?

ቤዛ፦ እሱም ካትኦፉ አካባቢ ያለውን ነው የሚያጎላው። ክራር ላይ ካበዛኸው ጉንፋን የያዘው ዘፋኝ ነው የሚመስለው፣ እኔ ዜሮ አጠገብ ትቼዋለሁ።

ናቲ፦ እሺ ጠንካራውን ቀዳሽ፣ ከዛስ?

ቤዛ፦ ከዛ ቬሎሲቲ። ቁልፉን የመታህበት ኃይል ሚዲ ላይ፣ ኪቦርዱ ለኮምፒውተሩ በሚልከው መልእክት፣ ከ1 እስከ 127 ባለ ቁጥር ነው የሚመጣው፣ እና አብዛኛው ሰው እሱን ከቮልዩም ጋር ብቻ አገናኝቶ ይተወዋል። ያኔ ቀስ ብለህ ስትመታ የሚወጣው ያው ጠንካራ ድምፅ ነው፣ ጎረቤት ቤት ሆኖ እንደሚሰማ ነገር። እውነተኛ ክር ቀስ ብሎ ሲመታ ድምፁ ማነሱ ብቻ አይደለም፣ ይደበዝዛል። ስለዚህ ካትኦፉን 900 ኸርዝ ላይ አወረድኩና ቬሎሲቲ ወደ ላይ እንዲገፋው አደረግኩ። ስማ አሁን፣ ይሄ በቀስታ... ይሄ ደግሞ በኃይል።

[ሁለት ኖት ይሰማል]

ናቲ፦ ወይ ጉድ! ሁለት ቀረጻ ይመስላል እኮ።

ቤዛ፦ አንድ ነው። ግን ሌላ ጣጣ መጣ፣ ታችኛው ክር ደህና ሆኖ ላይኛው ታፈነብኝ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ የገባ ይመስላል።

ናቲ፦ ኧረ እሱን እኔም አውቀዋለሁ፣ ኪ ትራኪንግ ነው የሚፈታው፣ ካትኦፉ ኖቱን እንዲከተል ማድረግ።

ቤዛ፦ በቃ አንተ አስረዳ እንግዲህ።

ናቲ፦ ያው ሂሳቡ ቀላል ነው። 220 ኸርዝ ላይ ያለ ኖት በል፣ ሃርሞኒኮቹ 440፣ 660፣ 880 እያሉ ነው የሚሄዱት፣ ካትኦፉ 900 ላይ ከሆነ መሠረቱን ጨምሮ አራት ያልፋሉ። አንድ ኦክታቭ ላይ 440ን ስትጫወት ግን ራሱ 440ና 880 ብቻ ነው የሚያልፈው፣ ሌላው ይቆረጣል፣ በተለይ በኦክታቭ 24 ዴሲቤል በሚቆርጠው ዳገታም ፊልተር። ኪ ትራኪንጉን 100 ፐርሰንት ስታደርጊው ካትኦፉ ኖቱን ተከትሎ ወደ 1800 ይወጣና አራቱም መልሰው ያልፋሉ።

ቤዛ፦ እኔ 70 አካባቢ ነው የተውኩት፣ 100 ላይ ቀጭኗ ክር ጆሮ ትወጋለች። ይሄ እንግዲህ በጆሮ ነው፣ በቁጥር አይደለም።

ናቲ፦ ኤንቨሎፑስ፣ ድምፁ እንዴት እንደሚነሳና እንደሚጠፋ የሚወስነው? ክራር ራሱ ተመትቶ ይጠፋል፣ ምን ኤንቨሎፕ ያስፈልገዋል የሚል ሰው አለ።

ቤዛ፦ እኔም እንደዛ ብዬ ነበር፣ ለዛ ነው ሲምፕለሩን ዋን ሾት ሞድ ላይ፣ አንዴ ስትነካው ሙሉውን የሚያጫውተው ላይ፣ የተውኩት፣ እዛ ላይ ደግሞ ፌድ ኢንና ፌድ አውት እንጂ ኤዲኤስአር፣ ማለትም አታክ፣ ዲኬይ፣ ሰስቴይንና ሪሊዝ፣ የለህም፣ ወደ ክላሲክ መመለስ አለብህ። አሁን ይሄን እይ። ጋሼ ግርፍ ሲጫወቱ ቀኝ እጃቸው ስድስቱንም ክር ነው የሚገርፈው፣ ግን የምትሰማው የተፈለገውን ብቻ ነው፣ ለምን፣ ከኋላ የግራ እጃቸው ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች ይዘዋቸዋል። ጣት ሲነሳ ክሩ ይናገራል፣ ሲመለስ ይታፈናል። ያ መታፈን ሳምፕለር ውስጥ ሪሊዝ ነው፣ ጣትህ ቁልፉን ከለቀቀ በኋላ ድምፁ እስኪጠፋ ያለው ጊዜ! እኔ ክላሲክ ላይ ሪሊዙን 2 ሰከንድ አድርጌው ስለነበር ኖቶቹ እርስ በርስ እየተደራረቡ ሾርባ ሆኑብኝ። 90 ሚሊሰከንድ ሳደርገው ወዲያው እጅ ያለው ሆነ።

ናቲ፦ ዜሮ ብታደርጊውስ?

ቤዛ፦ ሞገዱ መሃል ላይ ስለሚቆረጥ ቀጭ ይላል፣ አታድርገው። አታክ፣ ድምፁ እስኪነሳ የሚፈጀው ጊዜ፣ ግን ዜሮ አጠገብ ይሁን፣ ጥፍሩ ያለው እዛ ነው፣ 30 ሚሊሰከንድ እንኳን ብትሰጠው ጥፍር የሌለው ክራር ይሆንብሃል። ዲኬይና ሰስቴይንን ብዙም አልነካካሁም፣ ክሩ ራሱ ስለሚወርድ ሰስቴይን ሙሉ ነው። ደግሞ በናትህ ይሄን ለሰዎች እንንገር፣ ሰስቴይን ጊዜ አይደለም፣ መጠን ነው። ሌሎቹ ሦስቱ ጊዜ ናቸው፣ እሱ ግን ጣትህ ቁልፉ ላይ እስካለ ድምፁ የሚቆይበት ከፍታ ነው።

ናቲ፦ እኔ ይሄን ሳላውቅ ስንት ዓመት ቢት ሠርቻለሁ፣ ይቅርታ ይደረግልኝ። እሺ ኤልኤፍኦ፣ ድምፁን ቀስ እያለ የሚያወዛውዘው፣ የኔ የምወደው።

ቤዛ፦ አንተ ያለ ልክ ነው የምትወደው፣ ለዛ ነው ዋሽንቶችህ ሁሉ የሚንቀጠቀጡት።

ናቲ፦ ተነካሁ!

ቤዛ፦ እውነቴን ነው። 5 ወይ 6 ኸርዝ ኤልኤፍኦ ፒች፣ ማለትም የድምፁ ቅጥነትና ውፍረት፣ ላይ ትሰካለህ፣ ኖቱ ገና ሲጀምር መወዛወዝ ይጀምራል። ዋሽንት ነፊ እኮ መጀመሪያ ኖቱን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፣ ከዛ ነው የሚያወዛውዘው፣ አጭር ኖት ላይ ደግሞ ጭራሽ ላያደርገው ይችላል። ወይ ኤልኤፍኦው ዘግይቶ እንዲገባ አድርግ፣ ወይ ደግሞ መጠኑን ሞድ ዊል፣ ኪቦርዱ ላይ ያለው ጎማ፣ ላይ ስጠውና በእጅህ አስገባው። እኔ ሁለተኛውን ነው የምለው፣ ዘፈኑን የሚሰማው እጅህ ነው፣ ኤልኤፍኦው አይሰማም።

ናቲ፦ ፓድ ላይ፣ ከኋላ ተነጥፎ የሚቆየው ረጅም ድምፅ ላይ፣ ግን ትተዪኛለሽ?

ቤዛ፦ ፓድ ላይ እንደፈለግክ። የማሲንቆ ረጅም ኖት ቀድተህ፣ ሉፑን፣ የሚደጋገመውን ክፍል፣ ጫፍና ጫፉን በክሮስፌድ አደባልቀህ ገጥመህ፣ አታክ 1.5 ሰከንድ፣ ሪሊዝ 3፣ ከዛ 0.1 ኸርዝ ኤልኤፍኦ ካትኦፉ ላይ፣ በ10 ሰከንድ አንዴ የሚከፈትና የሚዘጋ። ብቻ ሉፑን በጣም አታሳጥረው፣ የጭራው ፍትጊያ እየተደጋገመ ቶሎ ይነቃብሃል።

ናቲ፦ እና ጋሼ ሰሙት ክራሩን?

ቤዛ፦ ወሰድኩላቸው እኮ። ሁለት ቀን ሙሉ የደከምኩበትን ፊልተር፣ ሪሊዝ ምናምን፣ ምንም አላሉም። ዝም ብለው ሰምተው ሰምተው "ሦስተኛዋ ክር ወርዳለች" አሉኝ።

ናቲ፦ እውነት ወርዳ ነበር?

ቤዛ፦ ቲዩነር ላይ አየሁት፣ 18 ሴንት፣ አንድ ሴሚቶን 100 ሴንት ነው። የቀዳሁ ቀን ሳይቃኙት ነው የመቱልኝ፣ እኔ ደግሞ በድብደባው ሳልሆን አልቀርም ያወረድኳት። ዲቲዩን ላይ ከፍ አድርጌ መልሼ አስደመጥኳቸው፣ "እህ" ብለው ቡናቸውን ቀጠሉ።

ናቲ፦ አይ ጋሼ! ቆይ እስኪ አሁን ያቺኑ ክር አጫውቺልን፣ ሳትስተካከል የነበረችውን መጀመሪያ።