ወልዳ ማን አረሳት?

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ፍሪጁ ዛሬም ያጉረመርማል። ለምዳችሁታል፣ እለፉት።

ቅዳሜ እማዬን ዙ ይዣት ሄድኩ። አዎ፣ እማዬን። እባብ ያየ በልጥ በረየ የተባለው ለእሷ ነው እኮ። ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ የልጄ የሚጡ ነው። "እንስሳ፣ እንስሳ" ብላ ነዘነዘችን።

መስታወቱ ውስጥ ቅርንጫፍ አለ። ቅርንጫፉ ላይ አረንጓዴ ነገር ተጠምጥሟል። ግን እንዴት ያለ አረንጓዴ! ዝናብ ያጠበው የኮባ ቅጠል በሉት። ጀርባዋ ላይ ነጭ ነጭ መስመር ጣል ጣል ብሏል። ጭንቅላቷን ጥምጥሙ መሃል አስቀምጣዋለች። እማዬ ፕላስቲክ መስሏት ነበር።

ኤመራልድ ትሪ ቦአ ትባላለች። የጋያና፣ የሱሪናም፣ የሰሜን ብራዚል ደን ናት አገሯ። ኑሮዋ ዛፍ ላይ ነው። መርዝ የላትም፣ የፊት ጥርሷ ግን ረጃጅም ነው። ማታ ጅራቷን ቅርንጫፍ ላይ ቆልፋ፣ አንገቷን ቁልቁል ለቃ ትጠብቃለች። ከንፈሯ ዳር ያሉት ጉድጓዶች ሙቀት ይለያሉ። በጨለማ አይጥ ብታልፍ አታመልጣትም። ሠራተኛዋ ትናገራለች፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ እማዬ ታማትባለች።

ከዚያ "ይቺ እንቁላል አትጥልም፣ ትወልዳለች" አለችን። ልጆቿ ሲወለዱ ሸክላ መልክ ወይም ብርቱካናማ ናቸው። አረንጓዴው ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። ተረጎምኩ።

እማዬ ማማተቧን አቆመች። ወደ መስታወቱ ጠጋ አለች።

"ወልዳ ማን አረሳት?"

ሳቅኩ። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ሠራተኛዋ ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ። "ማረስ"ን በእንግሊዝኛ ተርጉሙ ብትባሉ... ተዉት። "ማን ይንከባከባታል ነው የምትለው" አልኳት። "ማንም። ልጆቹም ወዲያው ራሳቸውን ችለው ይሄዳሉ" አለች። ይሄን ለእማዬ አልነገርኳትም። ለምን እንደሆነ እንጃ።

እማዬ አሁንም እባቧን ታያለች። "አይ፣ የኔ እናት" አለች። ከኋላዋ ነበርኩ። ፊቷን አላየሁትም። ለማን እንዳለችው...

ሚጡ ስትወለድ የእማዬ ቪዛ ሁለቴ መከልከሉን ታውቃላችሁ። ገንፎ ከዩቲዩብ እያየሁ ያገነፋሁበትን ክፍል ሰምታችኋል። ያኔ ቀልድ አድርጌው ነበር። ቀልድ ነበር እንዴ?

ቆይ፣ ሳልረሳው። ሌሊት ስጎረጉር ኒው ጊኒ ውስጥ ቁርጥ እሷን የሚመስል እባብ አገኘሁ። አረንጓዴ፣ ጥምጥሙ ያው፣ ግልገሎቹ ቢጫ ወይም ቀይ። ግን ፓይተን የሚባለው የእባብ ወገን ነው። ከዚችኛዋ ጋር ዝምድናቸው የሩቅ ነው። ያቺኛዋ እንቁላል ትጥላለች፣ ከዚያ እስኪፈለፈሉ ተጠምጥማ ታቅፋቸዋለች። ይቺኛዋ ደግሞ ወራት ሙሉ በሆዷ ተሸክማ፣ ወልዳ፣ በቃ። የትኛዋ ይሻላል አልልም። ለእማዬ ምን ብዬ ልንገራት? "ሌላኛዋ አራሽ አላት" ልበል? የላትም እኮ፣ እሷም ብቻዋን ናት።

ትናንት ከሥራ ስገባ እማዬ ገንፎ አገንፍታለች። ሚጡ ሦስት ዓመቷ ነው እኮ! "ለማን ነው?" አልኳት። "ብይ" አለችኝ። ቅቤው በዝቷል፣ በርበሬውም። በላሁ። ጥያቄው አፌ ላይ ነበር፣ ግን አፌ ገንፎ ሞልቶታል።

እና... አላውቅም። ፍሪጁ ዝም አለ እንዴ?