የልጁን አንጓ አይተውታል? ለሕፃናት ሕክምና ወጣት ተመራማሪዎች ሽልማት ቱሉ ዲምቱ ላይ የተደረገ ንግግር

እንደምን አረፈዳችሁ!

ክቡራን እንግዶች፣ የሙያ አጋሮቼ፣ ውድ ተሸላሚዎቻችን፣ ልጆቻችሁን አዝላችሁና አቅፋችሁ የመጣችሁ የሰፈሩ እናቶችና አባቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከመሀል ከተማ ለመጣችሁ መንገዱ እንዳስመረራችሁ አውቃለሁ። ቱሉ ዲምቱ ቅርብ አይደለም። «መሀል ከተማ ስንት አዳራሽ እያለ ለምን እዚያ ድረስ?» ያሉኝ ሰዎችም ነበሩ። መልሴ አጭር ነው። ልጆቹ ያሉት እዚህ ነው። አዲስ አበባ ስትሰፋ ወጣት ቤተሰብ የወጣው ወደ ዳር ነው። ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቦሌ አራብሳ። ጠዋት ስትመጡ በየብሎኩ በር ላይ ኳስ የሚያባርሩትን ልጆች አይታችኋል። የዛሬው ዝግጅት የእነሱ ነው።

የተሸላሚዎቹን ሥራ እኔ አልናገርም። ራሳቸው ያቀርቡታል፣ አልሻማቸውም። እኔ የማወራው አንድ ነገር ነው። ጥሩ ጥያቄ ከየት እንደሚመጣ፣ ከመጣ በኋላ ደግሞ ስንት ዓመት ብቻውን እንደሚቆም።

ከራሴ ልጀምር።

ከብዙ ዓመት በፊት ነው። አንድ ሆስፒታል ውስጥ ጀማሪ ሐኪም ነበርኩ። የአንድ ዓመት ከሁለት ወር ልጅ በሳንባ ምች ተይዞ መጣ። መድኃኒት አዘዝኩለት፣ ተሻለው፣ ቤቱ ሄደ። ወር ከምናምን ቆይቶ ተመልሶ መጣ። ያው ሳል፣ ያው ትኩሳት። አሁንም አክመን ላክነው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ትንፋሽ በሳበ ቁጥር ደረቱ ወደ ውስጥ እየተሰረጎደ ነበር። ኦክስጅን አደረግንለት። እኔ ማዳመጫዬን ደረቱ ላይ አድርጌ ቆሜያለሁ። አጠገቤ የነበሩ አንዲት አንጋፋ ነርስ ቀስ ብለው፣ «ዶክተር፣ የልጁን አንጓ አይተውታል?» አሉኝ።

አላየሁትም ነበር። እጁን ያዝኩት። አንጓው ወፍሯል፣ ከቆዳው ስር አምባር የታሰረበት ይመስላል። ደረቱን ስዳስስ የጎድን አጥንቶቹ ጫፍ ላይ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ የተደረደሩ እብጠቶች ጣቴን ነኩት። ሪኬትስ ነው። አጥንቱ ለስልሷል። ሦስት ጊዜ ሳንባውን አዳምጫለሁ፣ አንድም ጊዜ እጁን አልያዝኩም።

እናቱን «ፀሐይ ታሞቂዋለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። ደነገጠች። «ኧረ ምች ይመታዋል ብዬ፣ ዶክተር፤ ከቤት አላወጣውም» አለችኝ። ልጇን ስለምትወድ ነው የደበቀችው። እሷን የሚወቅስ ቃል ከአፌ አልወጣም፣ እንዲወጣም አልፈቅድም። ጥፋቱ ያላየሁት የእኔ ነበር። ልጁ ቫይታሚን ዲ ተሰጠው፣ ፀሐይ መሞቅ ጀመረ። ከወራት በኋላ እናቱ በእጁ ይዛ፣ በእግሩ እያስኬደች አመጣችው።

ይህ የአንድ ልጅ ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። በ1997 ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው አንድ ጥናት ላንሴት በተባለው ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። ጥናቱ የተሠራው እዚሁ አዲስ አበባ፣ ኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ነው። አምስት ዓመት ያልሞላቸው፣ የሳንባ ምች ያለባቸው 500 ልጆች ወሰዱ። የሳንባ ምች የሌለባቸው ሌሎች 500 ልጆች ወሰዱ። ከዚያ ሁሉንም ለሪኬትስ አዩአቸው። ከታመሙት መካከል 210 ልጆች ሪኬትስ ነበረባቸው። ካልታመሙት መካከል 20 ብቻ። እንደ ቤተሰብ ብዛትና እንደ ጡት ማጥባት ያሉ ሌሎች ምክንያቶች ተጣርተው ከወጡ በኋላም፣ ሪኬትስ ያለበት ልጅ በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ 13 እጥፍ ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ።

አሠራሩን ላስረዳ፣ እናቶችም ስላላችሁ። ልጅ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሳንባውን እንደ ቤት ማገር ደግፎ ይይዘዋል። ማገሩ ከለሰለሰ ሳንባው በደንብ አይነፋም። ጡንቻውም ይደክማል፣ አክታውን ጠንክሮ ማሳል ያቅተዋል። አጥንት እንዲጠነክር ካልሲየም ያስፈልጋል። ካልሲየሙ ከምግቡ ወደ ሰውነቱ በደንብ እንዲገባ ደግሞ ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል። ቫይታሚን ዲን ቆዳችን ራሱ ይሠራዋል፣ ፀሐይ ካገኘ።

የ13 ወር ፀሐይ ባላት አገር፣ ልጅ በፀሐይ እጦት አጥንቱ ይለሰልሳል። ይህን ነገር ስንት ሐኪም አይቶ አልፎታል! እነዚያ ሰዎች ግን ቆም ብለው «ስንት ናቸው? ከሳንባ ምቹስ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብለው ጠየቁ። ቆጠሩ። የቆጠሩትን ጻፉ። ምርምር ማለት ለእኔ ይህ ነው።

አሁን ደግሞ ወደዚህ ሰፈር እንመለስ። የአራተኛ ፎቅ አራስ አስቡ። ግቢ የላትም። ኮሪደሩ ጥላ ነው። ወገቧ አልጠና፣ ደረጃው ረጅም ነው። አያቶቻችን ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ ልጁን ቅቤ ቀብተው የጠዋት ፀሐይ ያሞቁ ነበር። እሷ የት ታሙቀው? መስኮቱን ዘግታ፣ ልጁን ከመስታወቱ ኋላ አስተኝታ ታሞቀዋለች። ሙቀቱን ያገኛል። ቫይታሚን ዲ የሚያሠራውን ጨረር ግን መስታወቱ ያስቀረዋል። እናቶች፣ ይህቺን ነገር ዛሬ ይዛችሁ ሂዱ፤ የልጁ ፀሐይ በመስታወት አይሆንም፣ መስኮቱ ይከፈት ወይም ውጭ ይወጣ። ለወጣት ተመራማሪዎቻችን ደግሞ ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። ከተማው ወደ ላይ ሲያድግ የልጆቻችን አጥንት ምን ይሆናል?

ሌላ ምሳሌ ልጨምር፣ ይህኛው ያስደስተኛል፣ ያናድደኛልም።

ካንጋሮ የሚባለውን እንክብካቤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ያለ ጊዜው የተወለደ፣ ኪሎው ያነሰ ሕፃን በእናቱ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ ይታሰራል። በ1978 ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ የማሞቂያ ሣጥን ያጠራቸው ሐኪሞች የጀመሩት ነው። ለረጅም ጊዜ ደንቡ «መጀመሪያ ሕፃኑ ይረጋጋ፣ ከዚያ እናቱ ደረት ላይ ይደረግ» የሚል ነበር። በእኛ አገር ግን ብዙዎቹ ሳይረጋጉ ነው የሚሞቱት። ዶክተር ቦጋለ ወርቁና አሳዬ ካሴ «ለምን እስኪረጋጋ እንጠብቃለን?» አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2,000 ግራም በታች የተወለዱ 123 ሕፃናትን አጠኑ። ከተወለዱ በሰዓታት ውስጥ እናታቸው ደረት ላይ የዋሉት በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው የተሻለ ሆኖ አገኙት። ጥናቱ በ2005 ታተመ።

ከዚያስ? ዓለም ዝም አለ። ጥናቱ ትንሽ ነው ተባለ። ልክ ነው፣ ትንሽ ነበር። ግን እንዲያድግ ማን ገንዘብ ሰጠው? በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት ያስተባበረው ትልቅ ጥናት ወጣ። ጋና፣ ሕንድ፣ ማላዊ፣ ናይጄሪያና ታንዛኒያ ውስጥ ከ3,000 በላይ ሕፃናት ተካተውበታል። ወዲያው ካንጋሮ የተጀመረላቸው ላይ ሞት በ25 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። በ2022 ድርጅቱ መመሪያውን ለወጠ። ከ2005 እስከ 2021፣ 16 ዓመት። በእነዚያ 16 ዓመታት ያጣናቸውን ሕፃናት ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ደግሞ ስለ እንዶድ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ትምህርታቸውን ጨርሰው በመጡበት ሰሞን አድዋ ሄዱ፣ ስለ ቢልሃርዚያ ለማጥናት። ቢልሃርዚያ ከውሃ የሚይዝ የትል በሽታ ነው፣ በብዛት የሚይዘውም ወንዝ ውስጥ የሚንቦጫረቁትን ልጆች ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቀንድ አውጣው የበሽታው ማደሪያ ነው። ወንዙን በየቀኑ ስንት ሰው ያየው ነበር። የቀንድ አውጣውን መሞት ከእንዶዱ አረፋ ጋር ያገናኘው ግን አንድ ወጣት ነው። ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት መቼ ነው? በ1989። 25 ዓመት ቆይቶ።

ለዚህ ነው ይህ ሽልማት ለወጣቶች የሚሆነው። ሽበት ላበቀለ ሰው ክብር መስጠት ጥሩ ነው፣ ልማዳችንም ነው። እኔንም ብዙ ጊዜ አክብራችሁኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ነገር ግን ሰው ጥያቄው ሲያንገበግበው፣ ጉልበቱም ሳያልቅ ነው መደገፍ ያለበት።

እነዚህ ወጣት ተመራማሪዎች እንዴት እንደሚሠሩ ላውጋችሁ፣ በዓይኔ ስለማየው። ሬዚደንት ናቸው፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን እየተማሩ የሚሠሩ ሐኪሞች፣ ወይም ገና ስፔሻላይዝ ያደረጉ። ዲዩቲ፣ ማለትም ተረኛ ሆነው አድረው፣ ጠዋት የተኙትን ሕሙማን ዞረው አይተው፣ ከሰዓት ካርድ ክፍል ይገባሉ። 300 ካርድ ይፈልጋሉ፣ 180 ይገኛል። ከተገኘውም የገሚሱ ኪሎ አልተጻፈም። የመጠይቁን ፎቶኮፒ ከደሞዛቸው ይከፍላሉ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ወራት ይወስዳል። ሠርተው ጨርሰው ሊያሳትሙ ሲሉ መጽሔቱ በዶላር ክፈሉ ይላቸዋል። የደሞዛቸው ስንት እጥፍ! ብዙ ጥሩ ሥራ መሳቢያ ውስጥ የቀረው ለዚህ ነው። ዛሬ ከሰርተፊኬቱ ጋር የሚሰጠው ገንዘብ ብዙ አይደለም። ፎቶኮፒውን፣ የመረጃ ሰብሳቢዋን አበል፣ የባጃጁን ሂሳብ ግን ይሸፍናል። እሱም ቀላል አይደለም።

አለቆች እዚህ አላችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ጊዜ ስጧቸው። በሳምንት አንዲት ቀን ከዲዩቲ ነፃ አድርጓቸው። ከገንዘቡ ይልቅ ጊዜው ነው የሚያጥራቸው።

ሥራው ደግሞ አላለቀም። በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ልጆች 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወረደ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት የደከሙበት፣ በ2011 የሳንባ ምች ክትባት፣ በ2013 የሮታ፣ ማለትም የተቅማጥ ክትባት የገባበት ጊዜ ነው። ተመስገን ነው። አንድ ወር ያልሞላቸው ጨቅላዎች ሞት ግን በዚያው ጊዜ ከ49 ወደ 29 ነው የወረደው። ትልልቆቹ ሮጠው አመለጡ፣ ጨቅላዎቹ ወደ ኋላ ቀሩ። ቀጣዩ ጥያቄ ያለው እዚያ ነው። ማዋለጃ ክፍል፣ የመጀመሪያዋ ሰዓት ላይ። ብርድ ላይ፣ ትንፋሽ ላይ፣ የእጅ መታጠብ ላይ።

ተሸላሚዎች፣ ልጆቼ፣ አሁን እናንተን ነው።

ምርምራችሁ እንግሊዝኛ መጽሔት ላይ ሲወጣ ደስ ይለኛል፣ አስታቅፉኝ። ግን እዚያ ብቻ አይቅር። ካርዱን የሰጣችሁ ጤና ጣቢያ፣ ልጇን ያስመዘነችላችሁ እናት፣ ምን እንዳገኛችሁ አያውቁም። መጥተውም አይጠይቋችሁም። ከሪፖርታችሁ አንዷን ገጽ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጻፉ። ክትባት ተራ የሚጠበቅበት አግዳሚ ወንበር ፊት ለጥፉት። ማንበብ ለማትችል እናት ቁጭ ብላችሁ ንገሯት። ስትነግሯት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ትጨምርላችኋለች፣ አትጠራጠሩ።

ያቺን «አንጓውን አይተውታል?» ያሉኝን ነርስ በሕይወት ሳሉ በደንብ ያመሰገንኳቸው አይመስለኝም። በጊዜው አፍሬ ነበር፣ ዝም ብዬ አለፍኩ። እናንተ ጋ ግን እንዲህ ያለ ሰው አጠገባችሁ ካለ፣ ስሙን ጥናታችሁ ላይ አስገቡት። ነርስ ይሁን፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ይሁን፣ ተላላኪ ይሁን።

እንግዲህ ብዙ አወራሁ፣ ሕፃናቱም ማልቀስ ጀምረዋል። የተሸላሚዎቹ ወላጆች፣ ከክፍለ ሀገር ሌሊት ተነስታችሁ የመጣችሁ ጭምር፣ ኋላ አትቀመጡ። ልጆቻችሁ ስማቸው ሲጠራ አብራችኋቸው ወደ መድረኩ ውጡ። ወንበር ከፊት አዘጋጅተናል። ኑ፣ ግቡ።