ማሽኑ አሁን የማን ነው?

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ አድማጮች። የዛሬውን ክፍል የምቀዳው ጅማ፣ ሄርማታ ከሚገኘው የቤተሰባችን መጋዘን ጀርባ ባለችው ጠባብ የሂሳብ ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው። ከግድግዳው ማዶ የቡና መቀሸሪያ ማሽን አለ፤ ሲሠራ የራሴንም ድምፅ ስለማልሰማ ለጊዜው አስጠፍቼዋለሁ። የምነግራችሁም ስለዚሁ ማሽን፣ ይበልጡን ደግሞ ከወለድ ነፃ በሚባለው የባንክ አሠራር ስለተገዛበት መንገድ ነው።

አባቴ ማሽኑን እስከገዛንበት ጊዜ ድረስ ከባንክ አንድ ብር ተበድረው አያውቁም። ገንዘባቸውን ግን በባንክ ያስቀምጡ ነበር፤ ወለድ እንዳይታሰብላቸው አስቀድመው ይናገሩና ደብተራቸውን ይዘው ይወጣሉ። እንደ እርሳቸው ያሉ ብዙ ሙስሊም ነጋዴዎች ለዓመታት ያደረጉት ይህንኑ ነው። ባንኩ ያንኑ ገንዘብ ለሌላ ሰው በወለድ ያበድራል፤ ባለገንዘቡ ደግሞ ከሐራም ሸሸሁ ብሎ ትርፉን ለባንኩ መርቆለት ይሄዳል። ሂሳብ ከተማርኩ በኋላ ይህን ሳስበው ሳቅም ንዴትም ይመጣብኝ ነበር።

የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592/2000 ለሌላ አሠራር በር ከፈተ። ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዓ.ም. መደበኛ ባንኮች አገልግሎቱን በተለየ መስኮት እንዲሰጡ ፈቀደ፤ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ ለማቋቋም ግን እስከ 2011 ዓ.ም. መጠበቅ ግድ ሆነ። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፣ ሌሎችም ተከተሉት።

እኛ ባንክ የሄድነው በኅዳር ወር፣ ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነገለባው የሚደርቀው ቡና፣ በየአውድማው ተሰጥቶ መጋዘናችን መሙላት በጀመረበት ሰሞን ነበር። የባንኩን ስም አልጠራም። የቀረበልን ውል ሙራባሃ የሚባለው ነው፦ ባንኩ ገንዘብ አያበድራችሁም፤ የምትፈልጉትን ዕቃ በራሱ ገንዘብ ይገዛል፣ የገዛበትን ዋጋና የጨመረውን ትርፍ ሳይደብቅ ይነግራችኋል፣ ከዚያም በዱቤ ይሸጥላችኋል። ማሽኑ ለባንኩ 800 ሺህ ብር፣ ለእኛ 1 ሚሊዮን 80 ሺህ ብር፤ በየወሩ 30 ሺህ ብር ለ36 ወራት። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ አይጨምርም፤ ብንዘገይ የሚጣልብን ቅጣት እንኳ ለበጎ አድራጎት ይውላል እንጂ ከባንኩ ትርፍ ጋር አይደመርም።

ማታ ካልኩሌተር ይዤ ስቀመጥ 280 ሺህ ብሩ ከተለመደው የብድር ወለድ ብዙም አልራቀም። ጓደኞቼ «ስሙን ቀይሮ የመጣ ወለድ» እያሉ የሚቀልዱት ለዚህ ነው፤ በቁጥሩ ብቻ ከሄድን ተሳስተዋል ለማለት ይከብዳል። ልዩነቱ ያለው ቁጥሩ ላይ ሳይሆን ባንኩ ገዝቶ እስኪሸጥ ባለችው አጭር ጊዜ ውስጥ መሆኑን የተረዳሁት በማግስቱ ነው።

በማግስቱ ወጣቱ ሠራተኛ ሦስት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፦ ለመግዛት ቃል የምንገባበት፣ የሽያጩ ውል፣ እና ዕቃውን ተረክበናል የሚል ደረሰኝ። ሦስቱም ላይ የዚያው ዕለት ቀን ተሞልቷል። አባቴ መነጽራቸውን አጥልቀው ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ አነበቡትና፣

«ልጄ፣ ማሽኑ አሁን የማን ነው?» አሉት።

«ሐጂ፣ ያው የእርስዎ ነው።»

«አላየሁትም እኮ። የት ነው ያለው?»

«አዲስ አበባ፣ አቅራቢው ጋ ነው። ይሄ ለፎርማሊቲ ያህል ነው።»

«አቅራቢው ጋ ከሆነ፣ አንተ የምትሸጥልኝ የማንን ነው?»

ሠራተኛው ወደ እኔ ዞረ፤ የተማረችው ልጅ ታስረዳልኝ እንደማለት። እኔም ዝም አልኩ፤ ጥያቄው ትክክል ነበርና። ነቢዩ ሰው በእጁ የሌለውን እንዳይሸጥ የከለከሉት እኮ ለወረቀት ማማር አይደለም። ማሽኑን የጫነው መኪና የጊቤን ቁልቁለት ሲወርድ ቢገለበጥ ኪሳራው የማን ነው? የባንኩ ከሆነ ባንኩ ነጋዴ ነው፤ 280 ሺህ ብሩም የነጋዴ ትርፍ ነው። የእኛ ከሆነ ግን ባንኩ ያደረገው ነገር ቢኖር ብር አውጥቶ ብር መሰብሰብ ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ በአማርኛ ስም አናጣለትም።

ችግሩ የጅማ ብቻ አይደለም። በዓለም ገበያ «የተደራጀ ተወሩቅ» የሚሉት አሠራር አለ፤ ደንበኛው ጥሬ ገንዘብ እንዲያገኝ ማንም ዓይቶት የማያውቅ ብረት በወረቀት ላይ በዱቤ ይሸጥለታል፣ ባንኩም ወዲያው ለሌላ ይሸጥለታል። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2009 ሻርጃ ላይ ተሰብስቦ ይህ አይፈቀድም ብሏል። በሌላ በኩል ባንኩ የእውነት ሲገዛ አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ስለሚሸጥ ግብሩም ሁለት ጊዜ ሊመጣ ይችላል። እንግሊዝ በቤት ግዢ ላይ ይህን ድርብ ቀረጥ እ.ኤ.አ. በ2003 በሕግ ያስቀረችው ለዚህ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚቆረቁረኝ ግን ገበሬው ነው። ክረምት ላይ እህል ያለቀበት ገበሬ ገና ያልበሰለ ቡናውን ከነዛፉ በርካሽ ይሸጣል፤ ገዢውም ሻጩም ምን ያህል እንደሚለቀም አያውቁም፤ ሸሪዓው ገረር፣ ማለትም ልኩ ያልታወቀ ነገር ሽያጭ፣ ብሎ የሚከለክለው ይህንን ነው። አያቴ ደግሞ ከአራጣ ይሻላል ብለው መሬታቸውን በወለድ አገድ አስይዘው እንደነበር ሲተርኩ ሰምቻለሁ፤ አበዳሪው ገንዘቡ እስኪመለስለት ድረስ የመሬቱን ፍሬ ይበላል። ነገር ግን ብድር ለአበዳሪው ጥቅም ካስገኘለት፣ ጥቅሙ ብርም ሆነ ቡና፣ ሪባ፣ ማለትም የተከለከለው ወለድ፣ ነው። መውጫው ሰለም የሚባለው ውል ነው፦ ገዢው ሙሉ ዋጋውን ዛሬ ይከፍላል፤ ሻጩ መጠኑና ደረጃው የታወቀ ቡና በታወቀ ቀን ያስረክባል። መዲና ውስጥ ሰዎች ለአንድና ለሁለት ዓመት ፍሬ አስቀድመው ሲከፍሉ ነቢዩ ያገኟቸውና መስፈሪያው፣ ክብደቱና ቀኑ የታወቀ ይሁን ያሏቸው ስለዚህ ነው። እንደ ጅማ ላለ አገር የተሰፋ ውል ይመስለኛል። ስለ ሰለም በጠየቅሁ ቁጥር ግን የተሰጠኝ መልስ ሙራባሃ ነው፤ የቡና ዋጋ የሚወድቅበትን ስጋት ባንኩ መሸከም አይፈልግምና።

አባቴ በዚያን ዕለት ሦስቱንም አልፈረሙም። ቃል የገቡበትን ወረቀት ብቻ ፈርመው፣ ሌላውን ማሽኑ ደጃፌ ሲደርስ አሉ። ሦስት ሳምንት ፈጀ። በዚያ ሦስት ሳምንት ጀንፈላችንን ሌላ ሰው ማሽን ላይ በክፍያ አስቀሸርን፤ ወንድሞቼም በምሳ ሰዓት አባቴን ቀና ብለው አያዩም ነበር።

ማሽኑ ሲመጣ የሞተሩ ሽፋን ተጨፍልቆ ነበር። ደረሰኙን ይዞ የመጣው ያው ወጣት ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ በእጁ ዳሰሰው፣ ቀና ብሎ አባቴን አየ፣ ከዚያ ወደ በሩ ፈቀቅ ብሎ ለአቅራቢው ስልክ ደወለ። «ማሽናችንን ጎድታችሁ ነው የላካችሁልን» ሲል ሰማሁት። አዲሱ ሽፋን በአራተኛው ቀን መጣና አባቴ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ፈረሙ። ለሌላ ሰው ማሽን የከፈልነው ሒሳብ እዚህ ደብተር ላይ በእኔ እጅ ጽሑፍ ሰፍሯል፤ አባቴ ድምሩን ጠይቀውኝ አያውቁም።